ጠባይ፦ “ኤ”

ባለፈው ሰሞን ልቅሶ ልደርስ ሄጄ ድንኳኑ ጥግ ተቀምጫለሁ። ንፍሮ ከሚያዞሩት ሴቶች አንዷ ለእኔ ከሰጠችኝ በኋላ አልሄድ አለች። ቀና ብዬ አየኋት። ሃምሳን የተጠጋች፣ ነጠላዋን ያዘቀዘቀች ሴት ናት።

“ቲቸር፣ አላወቁኝም አይደል?” አለችኝ።

አላወቅኋትም። አስተማሪ የነበረ ሰው ይህን ጥያቄ በሰማ ቁጥር ያላጠናው ፈተና እንደ መጣበት ተማሪ ነው የሚደነግጠው። “እንዴት ጠፋሽ!” ብዬ በደፈናው ላልፍ ስል እሷ የምታልፈኝ አልሆነችም። ዩኒቨርሲቲ ከመግባቴ በፊት፣ ገና በወጣትነቴ ያስተማርኩበትን የክፍለ ሀገር ትምህርት ቤት ጠራችልኝ። ዘጠነኛ “ቢ” ነበረች፤ መስኮቱ ሥር ነበር የምትቀመጠው፤ ስም ጠሪዋ እኔ ነበርኩ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ “አማርኛ 86 አምጥቼ ካርዴ ላይ 68 ብለው የሞሉልኝ እኔ ነኝ” አለችና አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች።

“ታዲያ ያኔ ለምን አልነገርሽኝም?”

“እንዴት ብዬ! እዚያው ካርድ ላይ እኮ ጠባይ ‘ኤ’ ሰጥተውኛል” አለችኝና ሰሃኗን ይዛ ወደሚቀጥለው ለቀስተኛ አለፈች።

ንፍሮው ጉሮሮዬ ላይ ቀረ ብል ውሸት ይሆናል፤ በላሁት። ነገሩ ግን እስከ ቤቴ ተከተለኝ። ማታ ከመደርደሪያዬ አንድ መጽሐፍ አወረድኩ። መጽሐፉ ስለ ሜዳ ቴኒስ ነው። “ልቅሶ ቤትንና ሜዳ ቴኒስን ምን አገናኛቸው?” የሚል አንባቢ ጥቂት ይታገሰኝ፤ አገናኛቸዋለሁ።

መጽሐፉ የአሜሪካዊው ጆን ማክፊ “ሌቭልስ ኦቭ ዘ ጌም” ነው፤ “የጨዋታው እርከኖች” ልንለው እንችላለን። በ1969 መጀመሪያ በ“ኒው ዮርከር” መጽሔት ወጣ፤ በዚያው ዓመት በመጽሐፍ ታተመ። (እዚህ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ለኢ-ልቦለድ ከማቀርባቸው ምሳሌዎች አንዱ ነበር። ተማሪዎቼ ፎቶ ኮፒውን ሲቀባበሉት ጠርዝ ጠርዙ ተበልቶ አልቆ ነበር። ለዓመታት እያደነቅኩ አስተማርኩት። አሁን ግን ከመጽሐፉ ጋር ጠብ አለኝ። ጠቤን ከመናገሬ በፊት ምስጋናውን ላስቀድም፤ ወጉም ይኸው ነው።

መጽሐፉ ከዳር እስከ ዳር የአንድ ግጥሚያ ታሪክ ነው። በ1968 በፎረስት ሂልስ፣ ፕሮፌሽናሎችና አማተሮች አብረው በተሰለፉበት የመጀመሪያው የአሜሪካ ኦፕን፣ አርተር አሽና ክላርክ ግሬብነር ለግማሽ ፍጻሜ ተገናኙ። አሽ 4 ለ 6፣ 8 ለ 6፣ 7 ለ 5፣ 6 ለ 2 ረታ። ድርጊቱ ይኸው ነው፤ ሌላ ነገር የለም። አሽ ኳሷን ሽቅብ ወርውሮ ሲጀምር መጽሐፉ ይጀምራል፤ የመጨረሻዋ ነጥብ ስትቆጠር ያልቃል። በመሀሉ ግን ኳሷ አየር ላይ እያለች ጸሐፊው ወደ ኋላ ይሄዳል፦ ወደ አባት፣ ወደ አያት፣ ወደ ሰፈር፣ ወደ ትምህርት ቤት። ተመልሶ ሲመጣ ኳሷ መረቡን አልፋለች።

ማክፊ ግጥሚያውን የቀረጸውን የቴሌቪዥን ፊልም አግኝቶ ለሁለቱ ተጫዋቾች እያሳየ፣ እዚህ ጋ ምን እያሰብክ ነበር፣ እዚያ ጋስ እያለ ነው የጠየቃቸው። ስለዚህ መጽሐፉ ውስጥ ተጫዋቹ በልቡ የሚያስበው፣ ልቦለድ የሚመስለው ነገር ሁሉ ከባለቤቱ አፍ የወጣ ነው። ተማሪዎቼ “ሁሉን አወቅ ተራኪ” የሚባለውን ሲሸመድዱ፣ ሁሉን ለማወቅ የግድ ልቦለድ መጻፍ እንደማያስፈልግ፣ ሄዶ መጠየቅም እንደሚበቃ ያሳየኋቸው በዚህ መጽሐፍ ነው። ይህን ምስጋና ዛሬም አልቀንስበትም።

ሁለቱ ሰዎች የ1943 ልጆች ናቸው፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ በውድድር ላይ ይተዋወቃሉ። ግሬብነር የኦሃዮ ሰው፣ ነጭ፣ የጥርስ ሐኪም አንድያ ልጅ ነው። አሽ ጥቁር ነው፤ ሪችመንድ፣ ቨርጂኒያ፣ የመናፈሻ ጠባቂ ልጅ። ባላንጣዎች ብቻ ቢሆኑ ነገሩ ይቀል ነበር። ግን የአንድ ቡድን ሰዎችም ናቸው፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ አዴሌድ ሄደው ለሀገራቸው ተሰልፈው የዴቪስ ካፕን ከአውስትራሊያ ወስደዋል።

የመጽሐፉ ዋና ክር እንግዲህ የሚከተለው ነው፦ ሰው አጨዋወቱን ይመስላል። ግሬብነር ስለ አሽ ሲጠየቅ፣ አጨዋወቱ ልቅ ነው፣ ዘና ያለ፣ በድፍረት የሚሞክር ነው ይላል፤ ይህንንም ከጥቁርነቱ ጋር ያገናኘዋል። አሽ በበኩሉ፣ ግሬብነር እንደ ወግ አጥባቂ ሪፐብሊካን ድርቅ ብሎ ነው የሚጫወተው ይላል። አንዱ ሌላውን በዘሩ፣ ሌላው አንዱን በፖለቲካው ይተረጉመዋል። ጸሐፊው ከዳኛው ወንበር ላይ ሆኖ ሁለቱንም ይሰማል፤ “መስመር አለፈች” የሚል ቃል ግን አይወጣውም። ተማሪዎቼ እዚህ ገጽ ላይ ሲደርሱ ይስቁ ነበር። እኔም አብሬያቸው እስቅ ነበር። ያን ዕለት ማታ ግን ሳቄ አልመጣም፤ ምክንያቱም ይህች “ሰው አጨዋወቱን ይመስላል” የምትባል ነገር የእኛዋ የካርድ ላይ “ጠባይ” መሆኗ ድንገት ታየኝ።

ወደ ጠቡ ከመሄዴ በፊት ግን ልጁ እንዴት እንዳደገ መናገር አለብኝ። የመጽሐፉ ጥፍጥናም እዚህ ላይ ነው።

የአሽ ቤተሰብ ቤት እዚያው አባቱ የሚጠብቀው የጥቁሮች መናፈሻ ውስጥ ነበር። በሩን ሲከፍት የቴኒስ ሜዳው ፊት ለፊቱ ነው። የነጮቹ መናፈሻ ደግሞ ለሱ ዝግ ነው፤ ሕጉ እንደዚያ ነበር። እናቱ የሞተችበት በ6 ዓመቱ ነው። አባትየው ልጆቹ ከትምህርት ቤት ቤት የሚደርሱበትን ደቂቃ ቆጥሮ የሚይዝ ጥብቅ ሰው ነበር። ሮን ቻሪቲ የሚባል፣ በከተማው ከጥቁር ተጫዋቾች የተሻለ የነበረ የኮሌጅ ተማሪ ኳስ አመታት አስተማረው። በ1953፣ ልጁ ገና 10 ዓመቱ ሳለ፣ ይህ ወጣት ከዶክተር ሮበርት ዋልተር ጆንሰን ጋር አገናኘው።

ጆንሰን በሊንችበርግ ከተማ የሚሠራ ጥቁር ሐኪም ነው። ቤቱ ጓሮ የቴኒስ ሜዳ ሠርቶ በየክረምቱ ከየከተማው ጥቁር ልጆች እየሰበሰበ ያሠለጥናል። በ1957 እና በ1958 ዊምብልደንን ያሸነፈችው አልቲያ ጊብሰን በእጁ ካለፉት አንዷ ናት። በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ የአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የቴኒስ ውድድር በየዓመቱ በሻርለትስቪል፣ በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ሜዳ ይካሄድ ነበር። ከጆንሰን ቤት ብዙም አይርቅም። ተወዳዳሪዎቹ ሁሉ ነጮች ነበሩ። ጆንሰን አዘጋጁን ሄዶ አነጋገረውና የጥቁር ትምህርት ቤት ልጆች እንዲገቡ ፈቃድ አገኘ። የተላኩት ልጆች ግን ምኑም አልሆነላቸውም፤ በመጀመሪያው ዙር ተጠርገው ወጡ። ሐኪሙ ያን ቀን አንድ ነገር ወሰነ፦ ይህን ውድድር የሚያሸንፍ ልጅ ከጓሮዬ አወጣለሁ።

እንግዲህ ይህ የአንድ ትምህርት ቤት ቡድን ታሪክ ነው፤ ትምህርት ቤቱ የአንድ ሐኪም ጓሮ ሆነ እንጂ። ልጆቹ ክረምቱን እዚያው ያድራሉ። የውሻውን ቤት ያጸዳሉ፣ አረም ያርማሉ፣ ጽጌረዳ ይንከባከባሉ፣ ሜዳውን ይደለድላሉ። ዓይንና እጅ እንዲግባቡ በራኬት ፋንታ በመጥረጊያ እንጨት ኳስ ይመታሉ። ማዕድ ላይ እንዴት እንደሚቀመጡ፣ ሹካ እንዴት እንደሚያዝ ሳይቀር ይማራሉ። የውድድሩ ወቅት ሲደርስ መኪና ውስጥ ታጭቀው ከከተማ ከተማ ይዞራሉ፤ ሆቴል ጥቁር ስለማያሳድር በየወዳጅ ቤት ያድራሉ።

ከሁሉም የሚገርመው የጨዋታ ሕጉ ነው። ራኬት መወርወር የለም። ዳኛ ላይ ማጉረምረም የለም። ፊት ማኮሳተር እንኳ የለም። የተጋጣሚህ ኳስ ከመስመሩ እስከ ሁለት ኢንች፣ ማለትም 5 ሳንቲ ሜትር ግድም፣ ውጭ ብታርፍ እንደገባች ቆጥረህ መልሳት። ቦታ ስትቀያየሩ ኳሶቹን ለቅመህ ለተጋጣሚህ በእጁ ስጠው። ለምን ቢሉ፣ በደቡብ ግዛቶች አንድ ጥቁር ልጅ “ኳሷ ወጥታለች” ብሎ ቢከራከር፣ አዘጋጆቹ “ይኸው ባለጌ ናቸው” ብለው በሩን ለመዝጋት ሰበብ አይፈልጉም፤ ያገኙታል። ጆንሰን ሰበቡን ቀድሞ ወሰደባቸው።

አሽ መጀመሪያ ክረምት ላይ አስቸግሮ ነበር። ራኬት አያያዙን አስተካክል ሲሉት፣ ሚስተር ቻሪቲ ያስተማረኝ እንዲህ ነው ብሎ ድርቅ አለ። ጆንሰን ለአባትየው ስልክ ደወለ። አባት መኪናውን አስነስቶ ከሪችመንድ ከተፍ አለ፤ አሁን የሚያስተምርህ ዶክተር ጆንሰን ነው፣ ያለህን አድርግ አለው። በቃ፣ አለቀ። ከዚያ በኋላ ያ ልጅ ሲከራከር ያየው የለም። በ1961 ደግሞ፣ የመጨረሻውን የሁለተኛ ደረጃ ዓመት ሊጨርስ ወደ ሴንት ልዊስ ተልኮ ሳለ፣ በሻርለትስቪሉ ውድድር ተሰልፎ አሸነፈ። ሐኪሙ ቃሉን ሞላ።

የእኛ ሀገር አባቶች ይህን ታሪክ ቢሰሙ ጆንሰንን እቅፍ አድርገው ይስሙታል። ታዛዥ፣ የማይመልስ፣ ፊቱን የማያጠቁር ልጅ! ጠባይ፦ “ኤ”።

እንግዲህ ጠቤ እዚህ ላይ ይጀምራል። ጠቤ ሁለት ነው፤ አንዱ ከማክፊ ጋር፣ ሌላው ከራሴ ጋር።

ከማክፊው ልጀምር። አሽ “ልቅ” ሆኖ፣ እየደፈረ፣ ወደ መረቡ እየሮጠ የሚጫወተው በተፈጥሮው ነው ወይ? አይደለም። በሪችመንድ ክረምት ሲገባ ጥቁር ልጅ የሚጫወትበት የቤት ውስጥ ሜዳ አልነበረም፤ ወደ ሴንት ልዊስ የተላከውም በዚሁ ምክንያት ነው። እዚያ የተጫወተው የጦር ሠራዊት አዳራሽ ውስጥ፣ የሚያዳልጥ የእንጨት ወለል ላይ ነው። እንጨት ላይ ኳስ ትፈጥናለች፤ ወደ ኋላ ቆሞ መመለስ አያዋጣም፤ ቀድሞ መምታትና ወደፊት መሮጥ ይጠይቃል። ልጁ ተለወጠ። ከአፈርና ከሸክላ ሜዳ የመጣው ትዕግሥተኛ መላሽ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ አጥቂ ሆነ። ግሬብነር “ዘሩ ነው” ያለው ነገር ወለሉ ነው! ማክፊም ሰምቶ ዝም አለ።

እንዲያውም ፊቱን ተመልከቱት። በዚያ ግጥሚያ አሽ ኳሱን ልቅ አድርጎ እየመታ ፊቱ ግን እንደ ተዘጋ በር ነው። የመጣለት ነጥብም ሆነ ያመለጠው ነጥብ ፊቱ ላይ አይነበብም። እጁ ደፋር፣ ፊቱ ጭምት። ታዲያ ከሁለቱ የትኛው ነው ጠባዩ? አንዱ ከሴንት ልዊስ ወለል፣ ሌላው ከሊንችበርግ ጓሮ የመጣ ነው። ሁለቱም ትምህርት ናቸው። የተማሩትን ነገር ደግሞ እንደ ደም ዓይነት መመዝገብ አይቻልም።

ሁለተኛው ማስረጃዬ ከመጽሐፉ ስድስት ዓመት በኋላ የመጣ ነው። በ1975 አሽ ለዊምብልደን ፍጻሜ ደረሰ። ዕድሜው 32 ሊሞላ አምስት ቀን ቀርቶታል። ተጋጣሚው የ22 ዓመቱ ጂሚ ኮነርስ ነው፤ የአምናው ባለድል፣ ኳስ በኃይል በመጣችለት ቁጥር በባሰ ኃይል የሚመልስ። ሰው ሁሉ የአሽን መሸነፍ ሳይሆን በስንት እንደሚሸነፍ ነበር የሚያወራው። አሽ ምን አደረገ? ኃይሉን ነፈገው። “ልቅ ነው፣ ደፋር ነው” የተባለው ሰው ቀስ ያለች፣ ዝቅ ያለች፣ ክብደት የሌላት ኳስ ይልክለት ጀመር። ሰርቩን ወደ ዳር ያወጣበታል፣ ኳሷን ከራሱ በላይ ያሳልፍበታል፤ በየዕረፍቱ ዓይኑን ጨፍኖ ይቀመጣል። ኮነርስ የሚመልሰው ኃይል አጣ። 6 ለ 1፣ 6 ለ 1፣ 5 ለ 7፣ 6 ለ 4፤ ዊምብልደንን በወንዶች ነጠላ ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ሆነ።

ያን ቀን አሸናፊው እንደ ራሱ አልተጫወተም። ወይም፣ “ራሱ” የምንለው ሰው ከምናውቀው ሰፊ ነበር። ማክፊ ይህን አለመተንበዩ ጥፋት አይደለም፤ ጸሐፊ ነቢይ አይደለም። ጥፋቱ 25 ዓመት የሆነውን ሰው ተሠርቶ እንዳለቀ ቤት ቆሞ መለካቱ ነው። ውብ መጽሐፍ ነው፤ ውበቱ ራሱ ግን አታላይ ነው። ሁለት ሰዎችን ፊት ለፊት አቁሞ አንዱን ልቅ፣ ሌላውን ድርቅ ሲያደርጋቸው አረፍተ ነገሩ በጣም ስለሚያምር “እውነት ነው ወይ?” ብሎ መጠየቅ ይረሳል። እኔም ረስቼ ለዓመታት አስተማርኩት።

ከራሴ ጋር ያለኝ ጠብ ደግሞ ይከብዳል።

በኔ ጊዜ የጠባይን ውጤት እንዴት እንደምንሞላ ልናገር። ክፍሌ ውስጥ 70 ተማሪ አለ። የሴሚስተሩ መጨረሻ ነው፤ ማርክ ደምሬ፣ ደረጃ አውጥቼ፣ እጄ ዝሏል። የቀረችው የጠባይ ረድፍ ናት። የሚረብሹኝን አምስት ስድስት ልጆች በስም አውቃቸዋለሁ፤ “ሲ” እሰጣለሁ። አልፎ አልፎ የሚያወሩትን “ቢ”። የቀሩትን፣ መልካቸው እንኳ የማይመጣልኝን፣ ከላይ እስከ ታች “ኤ”፣ “ኤ”፣ “ኤ” እያልኩ እወርዳለሁ። እንግዲህ ጠባይ “ኤ” ማለት ጨዋ ናት ማለት አልነበረም። “አላውቃትም” ማለት ነበር።

ያቺ መስኮት ሥር የምትቀመጥ ልጅ ግን እኔን አምናኝ፣ ያቺን “ኤ” እንደ ፍርድ ተቀበለቻት። ካርዷ ላይ ሁለት ቁጥር ተገላብጧል፤ ታውቃለች። አስተማሪዋ ተሳስቷል፤ ታውቃለች። ግን ጠባይ “ኤ” ያላት ልጅ አስተማሪን “ተሳስተሃል” አትልም። ብትል “ቢ” ልትሆን ነው! ስለዚህ 18 ማርኳን ትታ ሄደች። “ዝም አይነቅዝም” የሚል ተረት አለን። ይኸው፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ተቀምጦ ነቅዞ አገኘሁት።

“ታዲያ የጆንሰን ልጆችስ?” ትሉኝ ይሆናል። “እነሱም እኮ የወጣችን ኳስ ገባች ብለው ዋጡ። ከእሷ በምን ይለያሉ?”

እኔም ይህን ስጠይቅ አመሸሁ። ጆንሰንን ከሰስኩት፣ ደግሞ ጠበቃ ቆምኩለት። ክሱ ቀላል አይደለም። ልጅን የተበደለውን እንዳልተበደለ አድርገህ ተጫወት ብሎ ማስተማር፣ በዳዩን ትክክል ነህ እንደ ማለት ነው። ፊትን ማኮሳተር የተከለከለ ልጅ፣ ቀስ በቀስ የሚቆጣው ልቡ ራሱ እንዳይጠፋበት ያሰጋል። አሽ አድጎም በ1960ዎቹ ብዙ ጥቁር ታጋዮች አለሳልሰሃል፣ ዝም ብለሃል እያሉ ወቅሰውታል። ወቀሳው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ጥብቅናዬ ግን እንዲህ ነው። የጆንሰን ጨዋነት ልክ ነበረው፦ ሁለት ኢንች። ሦስት ኢንች አላለም። ምክንያት ነበረው፤ ልጆቹ ለምን እንደሚያደርጉት በግልጽ ተነግሯቸዋል። ቀጠሮም ነበረው፦ ሻርለትስቪል። ሁለት ኢንቹን ስጣቸው፣ ሰበብ አሳጣቸው፣ ከዚያ ግባና አሸንፋቸው ነው ያለው። የሚሰጠውን የሚያውቅ ልጅ እንደሚሰጥ ያውቃል፤ ስለዚህ መስመሩ የት እንዳለ መቼም አይጠፋውም። የወጣችን ኳስ በጸጥታ ለመመለስ እኮ መጀመሪያ መውጣቷን ማየት ያስፈልጋል!

ማስረጃው የሰውየው ቀሪ ዕድሜ ነው። ደቡብ አፍሪካ በ1969 ቪዛ ከለከለችው፤ ደግሞ ደጋግሞ ጠየቀ፤ በ1973 ገብቶ ተጫወተ። በ1985 ዋሽንግተን በሚገኘው የደቡብ አፍሪካ ኤምባሲ ደጃፍ አፓርታይድን ሲቃወም ታሰረ። ጥቁር ስፖርተኞችን የዘነጋው ታሪክ እንዳይቀር በ1988 ባለ ሦስት ቅጽ መጽሐፍ አሳተመ። በ1983 የልብ ቀዶ ሕክምና ሲደረግለት በተሰጠው ደም ኤድስ ይዞት ነበር። በሽታው ጸንቶበት ሳለ፣ በመስከረም 1992፣ በሄይቲ ስደተኞች ላይ የሚደረገውን ተቃውሞ ዋይት ሀውስ ደጃፍ ቆሞ እንደገና ታሰረ። አምስት ወር ቆይቶ፣ የካቲት 6 ቀን 1993 ዐረፈ። በዚያው ዓመት በወጣው “ዴይስ ኦቭ ግሬስ” በተባለው የሕይወት ታሪኩ፣ ከኤድስ ይልቅ የከበደው ሸክም ጥቁርነት መሆኑን ጽፏል። ያን የተዘጋ ፊት የሚያውቁ ሰዎች ይህን ሲያነቡ ደንግጠዋል። እኔ ሳነበው የመጣብኝ ግን የሊንችበርግ ሜዳ ነው፦ በልጅነቱ የመለሳትን ኳስ ሁሉ፣ ውስጥ ያረፈችውንና ውጭ ያረፈችውን ለይቶ ቆጥሮ ይዞ ኖሯል።

ልዩነቱ ይኸው ነው። እኛ ለልጆቻችን ዝምታን እንሰጣቸዋለን፤ ልኩን፣ ምክንያቱንና ቀጠሮውን ግን አንሰጣቸውም። “ዝም በይ” እንላለን፤ እስከ ስንት ኢንች? አንልም። ለምን? አንልም። እስከ መቼ? ይህንንማ ጭራሽ አንልም። ልኩ ያልተነገረው ልጅ ሁለት ኢንች ሰጥቶ አያቆምም፤ ሜዳውን ለቆ ይወጣል። ከዚያ እኛው ስብሰባ ላይ ቆመን “ወጣቱ ሐሳቡን አይገልጽም፣ መብቱን አይጠይቅም” እያልን እንማረራለን። ኧረ ማን አስተማረውና!

በየትምህርት ቤቱ ስፖርት ሲባል የሚታየን ዋንጫ ብቻ መሆኑም ከዚሁ ይመጣል። የትምህርት ቤት ቡድን ለዋንጫ ብቻ ከሆነ፣ በየዓመቱ ከአንዱ በስተቀር ሁሉም ከስረዋል ማለት ነው። ከጆንሰን ጓሮ ሲወጡ ከነበሩት ልጆች ብዙዎቹን ዓለም በስም አያውቃቸውም። ግን በተሰለፉ ቁጥር መስመሩ የት እንዳለ በገዛ ዓይናቸው ወስነዋል፤ ዳኛ በሌለበት ሜዳ ዳኝተዋል። የስፖርት ክፍለ ጊዜ ከዚህ የበለጠ ምን ሊያስተምር ይችላል? የሂሳብ አስተማሪ ሲቀር ማካካሻ የሚደረገው የስፖርት ክፍለ ጊዜ ነው፤ በኔ ጊዜም እንደዚያ ነበር፤ እኔም ከሚወስዱት አንዱ ነበርኩ።

ሪችመንድ ውስጥ ባርነትን ደግፈው የተዋጉ ጄኔራሎች ሐውልት የተደረደረበት ሰፊ ጎዳና ነበር። በ1996 የአሽ ሐውልት እዚያው ጎዳና ላይ ቆመ፤ ብዙ ጭቅጭቅ አስነስቶ። በ2020 እና በ2021 ጄኔራሎቹ አንድ በአንድ ተነሡ። እሱ ቀረ። በአንድ እጁ ራኬት፣ በሌላው መጻሕፍት ይዟል፤ መጻሕፍቱን ከራኬቱ ከፍ አድርጎ። ዙሪያውን ልጆች ናቸው፤ ቀና ብለው ያዩታል። ሐውልቱን በፎቶግራፍ ነው የማውቀው። ባየሁት ቁጥር ዓይኔ የሚያርፈው ግን እነዚያ ልጆች ላይ ነው። እጃቸውን ዘርግተዋል፤ የሚጠይቁ ይመስላሉ።

ማክፊን ወደ መደርደሪያው መለስኩት። አሁንም ጥሩ መጽሐፍ ነው፤ ለወጣቶች እንዲያነቡት እመክራለሁ። ግን ኅዳጉ ላይ በእርሳስ “ወለሉስ?” ብዬ ጽፌበታለሁ። ቀጥሎ የሚያነበው ሰው ይጠይቅ።

ያቺ ተማሪዬ በሟች ወገን ዘመድ ናት አሉ። አርባው ሲወጣ ትኖራለች። እኔም እሄዳለሁ። 18 ማርክ መመለስ እንደማይቻል አውቃለሁ፤ ካርዱም ሳይጠፋ አልቀረም። ግን ከሰው ፊት ጠርቼያት “ተሳስቼ ነበር” ልላት አስቤያለሁ። የጠባይዋን “ኤ” ደግሞ እንድትመልስልኝ እጠይቃታለሁ፤ አላውቃትም ነበርና።